የአንባቢያን ጥያቄ፦ በጅሬን መንገድ ዳር ምን ይጻፍ?

ጥያቄ፦ የአንድ ሰፈር ነዋሪዎች ተሰባስበን፣ ከጅማ ከተማ ወደ ጅሬን ኮረብታ በሚያወጣው መንገድ ዳር የአካባቢያችንን ቀደምት ሰዎች የሚዘክሩ የታሪክ ሰሌዳዎች ለማቆም ገንዘብ አዋጥተናል። ሽማግሌዎቻችን የነገሥታቱ ስም በቅደም ተከተል ይጻፍ ሲሉ፣ ወጣቶቹ የገበያውና የነጋዴው ታሪክ ይቅደም ይላሉ። እርስዎ ምን ይመክሩናል? ጽሑፉስ በየትኛው ቋንቋ ይሁን?
አንባቢ፣ ከጅማ

መልስ፦ እኔ ወደ ወጣቶቹ ሐሳብ አደላለሁ። የነገሥታት ዝርዝር በመጽሐፍ ይገኛል፤ መንገደኛ ቆሞ የሚያነበው ግን ሰሌዳው ስለቆመበት መሬት ሲነግረው ነው። የጅማ ታሪክ ደግሞ ከመንገድና ከገበያ ተለይቶ የሚነገር አይደለም። ዛሬ ከተማዋ ያረፈችበት ሂርማታ፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በየሐሙሱ እስከ 30,000 ሰው ይሰበሰብበት እንደነበር የሚነገርለት፣ በምዕራብ ኢትዮጵያ ከሁሉ የገነነ ገበያ ነበር። ከከፋና ከአጎራባቾቹ የጊቤ መንግሥታት የሚመጣው ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ኮረሪማ እዚያ ተገናኝቶ በሲራራ ነጋዴዎች ወደ ሰሜንና ወደ ባሕር ጠረፍ ይጓዝ ነበር፤ መገበያያውም አሞሌ ጨውና የማርያ ቴሬዛ ብር ነበር። የመጀመሪያው ሰሌዳችሁ በዚያ በቀድሞው ገበያ ስፍራ ቢቆም ደስ ይለኛል።

በዚያው ሰሌዳ ላይ በገበያው ሰውም ይሸጥ እንደነበር በግልጽ ይጻፍ። ይህን አረፍተ ነገር ለመተው የሚገፋፋችሁ ሰው እንደማይጠፋ እገምታለሁ፤ እባካችሁ አትስሙት። ከየመንደራቸው ተነጥቀው በዚያ መንገድ የተነዱት ሰዎች ሐውልት የላቸውም፤ ስማቸው ባይታወቅም መከራቸው ሊጻፍላቸው ይገባል።

ቀጥሎ ኬላዎቹን አስቡ። የጅማ መንግሥት ድንበሩን በቦይና ሰው በማይሰፍርበት ባዶ መሬት ከልሎ፣ መግቢያና መውጫውን በኬላ ያስጠብቅ ስለነበር፣ ነጋዴውም መልእክተኛውም በዚያ ሳያልፍ አይገባም ነበር። የኬላዎቹን ቦታ በጣት ጠቁመው የሚያሳዩ አረጋውያን ካሏችሁ፣ ቃላቸውን ቶሎ መዝግቡ፤ የሽማግሌዎቻችሁ እውቀት ከስም ዝርዝሩ ይልቅ እዚህ ላይ ይበልጥ ይጠቅማል።

ነገሥታቱ ቦታቸው ጅሬን ነው፤ ከከተማው ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ዛሬም ከቆመበት ኮረብታ ላይ። በዚህ ሰሌዳ ሁለቱ አባ ጅፋሮች እንዳይምታቱ ተጠንቀቁ። ቀዳማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. በ1830 ገደማ መንግሥቱን ሲመሠርት፣ ዳግማዊው የነገሠው በ1878 ነው፤ በመካከላቸውም አባ ሬቡ፣ አባ ቦቃና አባ ጎሞል ገዝተዋል። ዳግማዊ አባ ጅፋር ለአፄ ምኒልክ ገብሮ አገሩን ከጦርነት ጥፋት ሲያድንና የውስጥ አስተዳደሩን ይዞ ሲቆይ፣ እናቱ ንግሥት ጉሚቲ ዋና አማካሪው ነበረች። የእርሷ ስም ከልጇ ስም ጎን እኩል በሆነ ፊደል እንዲቀረጽ አጥብቄ እመክራለሁ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ዘመን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ1952 የተከፈተው የጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት አንድ ሰሌዳ ይገባዋል። የዛሬው ዩኒቨርሲቲ አንዱ ሥሩ እርሱ ነው።

ጽሑፉ አጭር ይሁን። የአሜሪካዋ ቨርጂንያ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1927 ጀምሮ በመንገድ ዳር የታሪክ ሰሌዳ ስታቆም የኖረች ስትሆን፣ የአንዱ ሰሌዳ ጽሑፍ አንድ መቶ ቃል ገደማ ነው፤ ለእናንተም ይህ ልክ ይበቃል። ዓመተ ምሕረቱ የኢትዮጵያ ይሁን የአውሮፓ በየሰሌዳው ይገለጽ፤ ሰባትና ስምንት ዓመት የሚያዛባ ስሕተት የሚገባው በዚህ በኩል ነውና። ሰሌዳው መኪና ከመንገዱ ወጥቶ ሊቆም በሚችልበት ሰፊ ቦታ ይተከል፤ ከመቆፈራችሁ በፊትም የከተማውን የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤትና መንገዱን የሚያስተዳድረውን አካል ፈቃድ ጠይቁ።

ስለ ቋንቋው፦ የአካባቢው ሕዝብ ታሪኩን የሚተርክበት አፋን ኦሮሞ ይቅደም፣ አማርኛው ከሥሩ ይከተል። ሁለቱም ለየብቻቸው ይጻፉ እንጂ አንዱ ከሌላው ቃል በቃል አይገልበጥ፤ ብረቱ ላይ ከመቀረጻቸው በፊትም ቋንቋውን አፉን የፈታበት ሰው በሽማግሌዎቹ ፊት ጮክ ብሎ ያንብባቸው።