አንድ የሚመስለው ኮከብ ሁለት መሆኑ በምን ይታወቃል?

ጥያቄ፦ ብዙ ኮከቦች ጥንድ ናቸው ሲባል እሰማለሁ። እኔ ቀና ብዬ ሳይ ግን የሚታየኝ ነጠላ ነጥብ ነው። ሁለት መሆናቸውን በምን አወቁት? ተጠጋግተው የሚታዩትስ ሁሉ ጥንድ ናቸው?

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር፤ አይደሉም። አንዱ ከሌላው እጅግ ርቆ ከኋላ እያለ፣ ከእኛ ሲታዩ በአንድ አቅጣጫ ስለዋሉ ብቻ ጎረቤት የሚመስሉ አሉ። እውነተኛ ጥንዶች በስበት ተያይዘው የሚዞሩ ናቸው። ትንሹ ትልቁን ይዞራል ማለት ግን አይደለም፤ ሁለቱም በመካከላቸው ያለችን አንዲት ነጥብ ነው የሚዞሩት።

ራቅ ራቅ ያሉትን ጥንዶች ቴሌስኮፕ ለይቶ ያሳያል። ከዚያ በኋላ ትዕግሥት ነው፤ አንድ ዙር ለመጨረስ መቶ ዓመታት የሚፈጅባቸው አሉ። የተጠጋጉት ናቸው አስቸጋሪዎቹ።

ከእነዚህ ከተጠጋጉት የኔ ምርጫ አልጎል የተባለው ነው። ይህ ኮከብ በየ2 ቀን ከ21 ሰዓቱ ገደማ ይደበዝዛል፤ ብርሃኑ ወደ ሲሶ ይወርድና 10 ሰዓት ያህል በሚወስድ ጊዜ ውስጥ ተመልሶ ይደምቃል። በባዶ ዓይን ይታያል፣ ምንም መሣሪያ አያስፈልግም። ጆን ጉድሪክ የተባለ መስማት የተሳነው የ18 ዓመት ወጣት እ.ኤ.አ. በ1783 አንድ የማይታይ አካል እየጋረደው ሊሆን ይችላል አለ። ልክ ነበር። ደብዘዝ ያለው ጓደኛው በፊቱ ሲያልፍ ነው ግርዶሹ የሚፈጠረው፤ ብርሃኑ ምን ያህል እንደቀነሰና ግርዶሹ ምን ያህል እንደቆየ ለክቶ የሁለቱን ስፋት ማስላት ይቻላል።

ባይጋረዱስ? ያኔ ብርሃናቸው በቀለማቱ ይዘረዘራል። በውስጡ ያሉት ጥቋቁር መስመሮች ኮከቡ ወደ እኛ ሲመጣ ወደ ሰማያዊው፣ ሲርቅ ወደ ቀዩ ፈቀቅ ይላሉ። ጥንዶቹ ሲዞሩ አንዱ ሲመጣ ሌላው ይርቃል፤ ሚዛር የተባለው ኮከብ መስመሮች አንዴ ለሁለት ሲከፈሉ፣ ሌላ ጊዜ ሲገጥሙ የታዩት እ.ኤ.አ. በ1889 ነው። በቃ፣ አንድ ነጥብ ሁለት ሆነ።

ሲሪየስን ደግሞ ያጋለጠው አካሄዱ ነው። በሌሊት ሰማይ ከሁሉም ደማቁ ይህ ኮከብ ቀጥ ብሎ አይጓዝም፣ ይወዛወዛል። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ቤሰል እ.ኤ.አ. በ1844 የማይታይ ጓደኛ እየጎተተው ነው ብሎ፣ ጓደኛውን ሳያይ ሞተ። እ.ኤ.አ. በ1862 ቴሌስኮፕ ሠሪው አልቫን ክላርክ አዲስ የቴሌስኮፕ ሌንስ ሲሞክር አየው። ሁለቱ በ50 ዓመት ገደማ አንዴ ይዞራሉ፤ ከዚህ ዙርና ከርቀታቸው ክብደታቸው ተሰላ። ያ የተደበቀው ኮከብ የፀሐይን ያህል ይከብዳል፤ ስፋቱ ግን ከመሬት አይበልጥም።