«የተመረጠውን ክፍል ቀንሱ» ሲባል የሚቀነሰው ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር ባለች አነስተኛ የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ለሠፈራችን ወጣቶች ብሌንደር በሚባለው የስሪዲ ፕሮግራም ዲጂታል ቅርጻ ቅርጽ አስተምራለሁ። ላፕቶፖቹ 8 ጊጋባይት ራም ያላቸው ስለሆኑ ከባድ ፋይል ያንቀራፍፋቸዋል። ሹሩባ የተሠራች ሴት ከደረት በላይ ቀርጸን፣ ሹሩባውና ፊቱ ሳይነካ አንገቱ፣ ትከሻውና መቀመጫው (ምስሉ የቆመበት መሠረት) ብቻ ፖሊጎን (የቅርጹን ገጽ የሚሠሩት ጠፍጣፋ ቁርጥራጮች) እንዲቀንስ ፈልጌ በመመሪያው ላይ «የተመረጠውን ክፍል በ0.1 ቀንሱ» ብዬ ጻፍኩ። ከተማሪዎቹ ገሚሱ ክፍሉን ቆርጠው አወጡት፣ አንዳንዶቹ መጠኑን አሳነሱት፣ ሌሎቹ ደግሞ 0.9 አስገቡ። አማርኛዬ የቱ ጋ ነው ያሳሳታቸው? ፖሊጎን የሚቀንሰውን፣ ዴሲሜት የሚለውን ትእዛዝስ በአማርኛ ምን ልበለው?

መልስ፦ መምህር፣ ሦስቱም ወገን ያነበበውን ነው የሠራው። ዓረፍተ ነገሩ ለሦስቱም ንባብ በር ከፍቷል። ችግሩን የፈጠሩት ሁለት ጥቃቅን ምልክቶች ናቸው፤ በ«የተመረጠውን» ላይ ያለችው «ን» እና ከቁጥሩ ፊት ያለችው «በ»።

ከ«ን» እንጀምር። «ቀነሰ» ሁለት ዓይነት ተሳቢ ይቀበላል። ተሳቢው ልክ ወይም ብዛት ሲሆን ዝቅ ማድረግ ማለት ነው፤ ዋጋውን ቀነሰ፣ ፍጥነቱን ቀነሰ፣ ድምፁን ቀነሰ። ተሳቢው ሰው ወይም ዕቃ ሲሆን ግን አንስቶ ማውጣት ይሆናል። «ሠራተኛውን ቀነሱት» ሲባል ከሥራ ወጣ ማለት እንጂ ሰውየው ቀጠነ ማለት አይደለም። ሒሳብ ላይም «ከ10 ላይ 3ን ቀንስ» ስንል 3 ራሱ ነው የሚነሳው። ስለዚህ «የተመረጠውን ክፍል ቀንሱ» የሚለውን ያነበበ ተማሪ ክፍሉን ቢያጠፋው አማርኛው ደግፎታል። እርስዎ የፈለጉት ግን ክፍሉ ባለበት ሆኖ በውስጡ ያለው ብዛት እንዲወርድ ነው። ያን ጊዜ ተሳቢው ክፍሉ መሆኑ ቀርቶ ብዛቱ ይሆናል፣ ክፍሉ ደግሞ በ«የ» ወይም በ«ከ» ይያዛል፦ «የአንገቱን ፖሊጎን ብዛት ቀንሱ»፣ ወይም «ከአንገቱ ላይ ፖሊጎን ቀንሱ»። ቤት ውስጥ «ከሻዩ ስኳር ቀንሺ» እንደምንለው ነው፤ «ሻዩን ቀንሺ» ቢባል ሲኒው ጎደል ብሎ ይመጣል።

መጠኑን ያሳነሱት ተማሪዎች የሄዱበት መንገድም ከዚሁ የመነጨ ነው። ክፍሉ ተሳቢ ሆኖ ሳለ ማጥፋቱ አልመስል ሲላቸው «ቀንሱ»ን «አሳንሱ» ብለው አነበቡት። ማሳነስን መጠን ለሚለውጠው ትእዛዝ፣ ለስኬል ብቻ ብንተወው ይሻላል። መጠን ማሳነስና ብዛት መቀነስ በአንድ ገጽ ላይ እየተፈራረቁ ከተጻፉ ጀማሪ አንባቢ መለየት አይችልም።

ወደ ስያሜው ከመሄዳችን በፊት ማሽኑ የሚሠራውን ሥራ ማየት ያስፈልጋል፤ ቃሉ የሚመረጠው ከዚያ ነውና። ዴሲሜት ኮላፕስ በሚባለው ስልት ሲሠራ ፕሮግራሙ አንድ ጠርዝ ይይዝና ሁለት ጫፎቹን ወደ አንድ ነጥብ ያዋህዳል። በተዘጋ፣ ሁለንተናው ጎነ ሦስት በሆነ ሜሽ (ቅርጹ የተሠራበት የፖሊጎን መረብ) ላይ አንድ ጠርዝ በተዋሃደ ቁጥር 1 ነጥብ፣ 3 ጠርዝና 2 ጎነ ሦስት ይጠፋሉ። የትኛው ጠርዝ ይቅደም የሚለው የሚወሰነው ውህደቱ ቅርጹን ምን ያህል እንደሚያዛባው በማስላት ነው። ይህን ስሌት በሰፊው ያስተዋወቁት ማይክል ጋርላንድና ፖል ሄክበርት በ1997 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ሥራ ነው። በዚህ ምክንያት ለጥ ያለ ቦታ ቀድሞ ይመነጠራል፤ ሹልና ጎርባጣ ቦታ ይቆያል። ምንም ነገር ከዳር አይቆረጥም፤ ስለዚህ «መከርከም» የሚለው አይሆንም። «ማመናመን»ም ሰው አልፎ አልፎ ሲጠቀምበት ይታያል፤ ነገር ግን የታመመ ወይም የሚጠፋ ነገርን ያስታውሳል፣ ሆን ተብሎ ለሚደረግ ሥራ አይስማማም።

እኔ የማደላው ለ«ማሳሳት» ነው። በአቃቂ ወንዝ ዳር ካሮት የሚያለማ ሰው ተጠጋግቶ የበቀለውን እየመረጠ ሲነቅል ሥራው ማሳሳት ይባላል፤ በግብርና መመሪያዎችም ላይ የሚገኘው ቃል ይኸው ነው። መደቡ አይጠብም፣ በላዩ ያለው ብዛት ግን ይቀንሳል። ዴሲሜት የሚያደርገውም ይህንኑ ነው።

ሆኖም ቃሉ ሁለት ወጥመድ አለው፤ መመሪያ ሲጻፍ ሁለቱንም መጠንቀቅ ይገባል። አንደኛው፣ «አሳሳ» እና «አሳሳተ» የተለያዩ ግሦች ሆነው ሳለ ንዑስ አንቀጻቸው በጽሕፈት አንድ ዓይነት ነው፤ ሁለቱም «ማሳሳት»። በሌላው ርባታ ግን ይለያያሉ፦ ያሳሳል እና ያሳስታል፣ አሳሱ እና አሳስቱ። ስለዚህ «ማሳሳት»ን ለብቻው ርዕስ አድርገው አይተዉት፤ «ፖሊጎን ማሳሳት» ብለው ከተሳቢው ጋር ይጻፉት። ሁለተኛው፣ ሳሳ ውፍረትንም ይመለከታል። በስሪዲ ፕሪንተር ለሚታተም ሥራ «ግድግዳው ሳስቷል» ከተባለ ቀጥኗል፣ ሊሰበር ይችላል ማለት ነው። «አንገቱን አሳሱ» የሚል ትእዛዝ የተሰጠው ተማሪ አንገቱን ቢያቀጥነው አይፈረድበትም። እዚህም ተሳቢው ፖሊጎኑ መሆን አለበት፦ «በአንገቱ ላይ ያለውን ፖሊጎን አሳሱ»።

በዚሁ አጋጣሚ አንድ ነገር ልጨምር። በእንግሊዝኛው ምናሌ ላይ ፌስ የሚባለውን «ፊት» ብለው እንዳይተረጉሙት። የሰው ምስል በሚቀረጽበት ክፍል «የፊቱን ፊቶች» የሚል አማርኛ ማንንም አያግባባም። ፖሊጎን ይሁን። ትራያንግልን ግን «ጎነ ሦስት» ቢሉት ጥሩ ነው፤ ከሒሳብ ትምህርት ያውቁታል። ሁለቱን ማቀላቀል ቁጥር ያዛባል። አንድ ጎነ አራት ፖሊጎን ሁለት ጎነ ሦስት ስለሚሆን 20,000 ጎነ አራት ያለው ሜሽ በስታቲስቲክሱ ላይ ትራያንግል በሚለው መስመር 40,000 ይላል። መመሪያው የትኛውን መስመር እንደሚጠቅስ መናገር አለበት።

አሁን ወደ «በ»። 0.9 ያስገቡት ተማሪዎች ሰዋስዉን በትክክል ነው የተከተሉት። «ዋጋው በ10 በመቶ ቀነሰ» ስንል የሄደው 10 ነው፣ የቀረው 90። ስለዚህ «በ0.1 ቀንሱ» ማለት አንድ አሥረኛው ይሂድ ማለት ነው፤ ብሌንደር ላይ ሬሾ የሚለው ቁጥር ደግሞ የሚቀረውን ስለሚናገር 0.9 አስገቡ። ሬሾ 1 ሲሆን ምንም አይነካም፤ 0.1 ሲሆን አንድ አሥረኛው ብቻ ይቀራል። የእርስዎ «በ» የሚሄደውን ተናገረ፣ የማሽኑ ቁጥር የሚቀረውን።

«በ»ን በ«ወደ» መተካት ግማሽ መፍትሔ ነው። ለምሳሌ «ወደ 13,000 ቀንሱ» ሲባል «ወደ» ግምትንም ስለሚገልጽ፣ «ወደ 13,000 ገደማ አንሱ» ተብሎም ሊነበብ ይችላል። ከሁሉ የሚያስተማምነው «ቀረ» የሚለው ግሥ ነው፦ «13,000 ጎነ ሦስት ይቅር»፣ «አንድ አሥረኛው እንዲቀር ሬሾውን 0.1 ላይ አድርጉ»። በዚህ አነጋገር የሰውና የማሽኑ ቁጥር አንድ ዓይነት ይሆናል።

ግን የምን አንድ አሥረኛ? መመሪያው ሳይናገረው ያለፈው ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ መልሱም እንደ መሣሪያው ይለያያል። ለምሳሌ ሜሹ በጠቅላላው 400,000 ጎነ ሦስት አለው እንበል፦ ሹሩባው 180,000፣ ፊቱ 90,000፣ አንገትና ትከሻው 80,000፣ መቀመጫው 50,000። የሚሳሳው የመጨረሻዎቹ ሁለቱ፣ ማለትም 130,000 ነው። ኤዲት ሞድ (የሜሹ ነጥብና ጠርዝ የሚስተካከልበት ገጽታ) ውስጥ ክፍሉን መርጠው ሜሽ፣ ክሊን አፕ፣ ዴሲሜት ጂኦሜትሪ በሚለው ከሄዱ ሬሾው በግርድፉ የሚቆጠረው ከተመረጠው ነው፤ 0.1 ሲያደርጉት 13,000 አካባቢ ይቀራል። ዴሲሜት ሞዲፋየርን (በሜሹ ላይ የሚደረብ ቅንብር) በቨርቴክስ ግሩፕ (ለእያንዳንዱ ነጥብ ከ0 እስከ 1 ዌይት የሚሰጥበት የነጥቦች ስብስብ) ከተጠቀሙ ግን ሬሾው የሚቆጠረው ከጠቅላላው ሜሽ ነው። እዚያ 0.1 ማለት «ከ400,000ው 40,000 ብቻ ይቅር» ማለት ስለሆነ፣ ፕሮግራሙ ሹሩባውንና ፊቱን መንካት ስለማይችል ጫናውን ሁሉ በአንገትና በመቀመጫው ላይ ያሳርፋል፤ ትከሻው ተሰባብሮ ጥቂት ትልልቅ ጎነ ሦስት ብቻ ይቀራል። ትክክለኛው ቁጥር እንዲህ ይሰላል፦ 270,000 ሳይነካ ይቆያል፣ 13,000 ይጨመርበታል፣ 283,000 ይሆናል፤ ለ400,000 ሲካፈል 0.71 ገደማ። ያው ውጤት በአንዱ መሣሪያ 0.1፣ በሌላው 0.71 ይጻፋል።

አማርኛ ለዚህ የተዘጋጀ መሣሪያ አለው፤ በቁጥሩ መጨረሻ የምትገባዋ «ው»። «10 በመቶ» ብቻውን ልቅ ነው፤ «ከተመረጠው ክፍል 10 በመቶው» ሲባል ግን የምን እንደሆነ ታስሯል። ስለዚህ የእርስዎ ዓረፍተ ነገር ለኤዲት ሞዱ እንዲህ ቢስተካከል፦

«አንገቱን፣ ትከሻውንና መቀመጫውን ምረጡ። ከተመረጠው ክፍል ጎነ ሦስቶች አንድ አሥረኛው ብቻ እንዲቀር ሬሾውን 0.1 ላይ አድርጉ።»

ለሞዲፋየሩ ደግሞ፦

«ለአንገቱ፣ ለትከሻውና ለመቀመጫው ዌይት 1፣ ለቀረው 0 ስጡ። ከጠቅላላው 283,000 ገደማ ጎነ ሦስት እንዲቀር ሬሾውን 0.71 ላይ አድርጉ።»

እዚህ ላይ «መምረጥ»ን እና «መከለል»ን መለየት ይጠቅማል። ኤዲት ሞድ ላይ የተመረጠ ቦታ ሥራው የሚያርፍበት ነው። ስካልፕት ሞድ (በብሩሽ የሚቀረጽበት ገጽታ) ላይ በማስክ የጠቆረ ቦታ ተቃራኒው ነው፤ ከብሩሽ የተጠበቀ። ማስክ ማድረግን «መምረጥ» ያሉ እንደሆነ ተማሪው የሚጠበቀውንና የሚነካውን ይገለብጣቸዋል። «መከለል» ቢሉት ቃሉ ራሱ ጥበቃውን ይናገራል። በተጨማሪም ክልሉ የሚያግደው በስካልፕት ሞድ የሚሠራውን ብቻ መሆኑ ይጻፍ፤ ዴሲሜት ሞዲፋየር ማስክን አያይም፣ የሚያየው ቨርቴክስ ግሩፕን ነው።

ተማሪው «ምንም አልሆነም» ብሎ የሚጠይቅባቸውን ሁለት ነገሮችም መመሪያው ላይ ያስገቧቸው። ዴሲሜት ጂኦሜትሪ ሲከፈት ሬሾው 1 ላይ ነው፤ በስክሪኑ ግርጌ በስተግራ በምትመጣው ሳጥን ውስጥ ዝቅ እስኪደረግ ድረስ ለውጥ አይታይም። ሜሹ መልቲሬዞሉሽን (ዝርዝርን በደረጃ የሚያከማች ሞዲፋየር) ካለው ደግሞ ኤዲት ሞድ ውስጥ የሚታየው መሠረቱ ብቻ ስለሆነ አስቀድሞ አፕላይ ይደረግ (ሞዲፋየሩ ከሜሹ ጋር ይዋሃድ)። ይህ ከተደረገ በኋላ ወደ ታችኛው የዝርዝር ደረጃ መመለስ ስለማይቻል ፋይሉ በሌላ ስም ይቀመጥ።

ፖሊጎኑ በበዛበትና በሳሳበት ክፍል መካከል ያለው ድንበርም በቃል መገለጽ አለበት። ድንበሩ ጉንጭ መሃል ካረፈ ብርሃን ሲመታው መጨማደድ ይታያል፤ ከአገጭ ሥር ወይም ከፀጉር መነሻ ላይ ካረፈ አይታይም። ዌይት በብሩሽ በሚቀባበት በዌይት ፔይንት ላይ ከ1 ወደ 0 ቀስ በቀስ የሚወርድ ቅብ ድንበሩን ያለሰልሳል። ለዚህ «እያሳሱ ሂዱ» አይበሉ፤ «ከ1 እስከ 0 ደረጃ በደረጃ አውርዱ» ይበሉ።

ስለ ቁጥር አጻጻፍ ባጭሩ፦ ከቁጥር በኋላ ነጠላው ይበቃል፤ «13,000 ጎነ ሦስት» እንጂ «13,000 ጎነ ሦስቶች» አያስፈልግም። ትእዛዙን በ«ቀንሱ»፣ «ምረጡ» ማድረግዎ ደግሞ ተገቢ ነው፤ «ቀንስ» ሴቶቹን፣ «ቀንሺ» ወንዶቹን ይተዋል። ለስሪዲ ኅትመት የሚልኩት ከሆነ የፋይሉን መጠንም በቁጥር ይንገሯቸው፤ ለኅትመቱ የሚላከው ባይነሪ ኤስቲኤል የሚባል ፋይል ለእያንዳንዱ ጎነ ሦስት 50 ባይት ስለሚይዝ፣ 400,000 ጎነ ሦስት የነበረው 20 ሜጋባይት ፋይል 283,000 ሲቀር 14 ሜጋባይት ያህል ይሆናል።