ፎግ መቼ ይጣላል? ቶክንስ ለምን ያልቃል? ለጠየቅከው ወንድሜ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ማጂክ በሚባለው የካርድ ጨዋታ ነጭና አረንጓዴ ዴክ (የካርድ ጥቅል) አለህ። ቶክን (ሌላ ካርድ ሜዳ ላይ የሚፈጥረውን ተዋጊ) ታበዛለህ። ጓደኛህ ደግሞ ትራምፕል (ካገደው የተረፈው ጉዳት ወደ ተጫዋቹ የሚያልፍበት ችሎታ) ያላቸውን ትልልቅ ክሪቸሮች (ተዋጊ ፍጡሮች) ይዞ ይመጣና ቶክኖችህን ረጋግጦ ያልፋል። ፎግ የሚባለው መከላከያ ካርድ እጅህ ላይ አለ፤ ግን ወይ ቀድመህ ትጥለዋለህ፣ ወይ እንደያዝከው ትሸነፋለህ። «ክሪቸር ልጨምር ወይስ መከላከያ ስፔል (የድግምት ካርድ)? የታተሙ ቶክን ካርዶችስ ከውጭ ላስመጣ?» ብለሃል። እኔም እዚሁ ጎንደር ያንኑ ዓይነት ዴክ ይዤ፣ ያንኑ ዓይነት ተጋጣሚ ገጥሞኝ ነው የተማርኩት። ስለዚህ ስለ ማና (ካርድ ለመጣል የሚከፈለው ኃይል)፣ ስለ ላንድ (ማናውን የሚሰጠው ካርድ) አልነግርህም። እሱን ታውቀዋለህ።

1. ፎግን እንደ ማጥቂያ ካርድ ቁጠረው። አዎ፣ ማጥቂያ። በአንድ አረንጓዴ ማና የዚያን ተራ የውጊያ ጉዳት በሙሉ ይሰርዛል። ሰው ይህን ያነብና ሁለት ሦስት ላይፍ (የተጫዋቹ የሕይወት ነጥብ) እንዳይጎድልበት ገና በ3ኛው ተራ ይጥለዋል። ካርዱ ባከነ። ወይም ላይፉ 2 እስኪቀር ይዞት ይቆያል፤ ያኔ ተጋጣሚው ሜዳውን ሞልቶታል፣ አንድ ተራ ማትረፍ ምንም አይለውጥም።

ትክክለኛው ሰዓት ተጋጣሚህ ያለውን ሁሉ ይዞ የመጣበት ተራ ነው። ምክንያቱን አስብ። ያጠቃ ክሪቸር ታፕ ይሆናል፣ ማለትም ካርዱ ወደ ጎን ይዞራል። ታፕ የሆነ ደግሞ ብሎክ ማድረግ (አጥቂን ማገድ) አይችልም። የሱ ክሪቸሮች ቀና የሚሉት ተራው ተመልሶ ለሱ ሲደርሰው ነው። በመሃል ያንተ ተራ አለ። ፎግ ጥለህ ካለፍክ፣ በተራህ ከቶክኖችህ ፊት የሚቆም የለም። ቪጂላንስ ያላቸው (ሲያጠቁ ታፕ የማይሆኑ) ክሪቸሮች ካሉት ወይም ከውጊያው በኋላ አዲስ ክሪቸር ካወጣ ግን እነዚያ ሊያግዱህ ይችላሉ።

እስከዚያ ድረስ ምታውን ቅመሰው። 20 ላይፍ የተሰጠህ እንድታወጣው ነው። ላይፍ እንደ ደሞዝ ነው፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ካደረሰህ ሥራውን ሠርቷል።

ፒያሳ አንድ ካፌ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ እንጫወት ነበር። በአካባቢያችን አይበገርም የተባለ ልጅ ነበረ፤ አረንጓዴ ብቻ ነው የሚጫወተው። ያን ቀን እኔ 9 ላይፍ አለኝ፣ እሱ 12። ሜዳ ላይ 6 ወታደር ቶክን አሉኝ፣ ከነሱ ጋር አንድ ኢንታንጂብል ቨርቹ። ይህ ካርድ ቶክኖችህን እያንዳንዳቸውን በ+1/+1 ያሳድጋቸዋል፣ ቪጂላንስም ይሰጣቸዋል። ስለዚህ ሁሉም 2/2 ናቸው (የመጀመሪያው ቁጥር የሚያደርሱት ጉዳት፣ ሁለተኛው የሚገድላቸው ጉዳት ነው)። እሱ ባለ ትራምፕል 6/6፣ አንድ 4/4 እና ሁለት 3/3 አለው። ቆጠረ። 16 ጉዳት። እኔ ብሎክ እንኳ ባደርግ የሚተርፍልኝ ቶክን ጥቂት ነው ብሎ ሁሉንም ላከ። አንዱንም አላገድኩም። ፊቱ በራ። ለማንኛውም ብሎ ጃየንት ግሮውዝ የሚባል ማሳደጊያ ካርድ ጨመረበት፣ 6/6ቱ 9/9 ሆነ። ያኔ ነው ፎጌን ያስቀመጥኩት። በተራዬ 6 ቶክን፣ በ2 ሲባዛ 12። አለቀ። ካፌው ውስጥ የነበረው ሰው ጨዋታውን ባያውቅም ጩኸታችንን ሰምቶ ዞሮ አየ። ዛሬም ድረስ ስለዚያች ተራ ስናወራ ደስ ይለኛል፤ አልደብቅህም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በል። ፎጉን የጣልኩት ብሎክ የማድረጊያው ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። አጥቂው ቅድሚያ አለው፤ ማሳደጊያ ካርዱን መጣል ከፈለገ ቀድሞ ይጥላል። እሱ እስኪጨርስ ጠብቅ። በዚህ አንድ ካርዱን በነጻ ታቃጥልበታለህ። ደግሞ ፎግ ያንተን ክሪቸሮች ጉዳትም ይሰርዛል። ብሎክ አድርጌ እገድላለሁ ብለህ ካሰብክ ፎግ አትጣል።

2. ለትራምፕል ቶክን አትገብር። ጥያቄህ ላይ «አንድ አንድ ቶክን ፊቱ እያቆምኩ ቆየሁ» ያልከውን ሳነብ አንጀቴ ነው ያረረው። 1/1 ቶክን 6/6 ትራምፕል ፊት ብታቆም 5ቱ ጉዳት አልፎ ይመታሃል። ቶክንህን ከፍለህ የገዛኸው 1 ላይፍ ነው። አትቁም፤ አሳልፈው። ትራምፕል የሌለው 8/8 ከመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አንዲት ቶክን ሙሉ በሙሉ ታቆመዋለች። ብሎክ ከተደረገ በኋላ ቶክኗ ብትጠፋ እንኳ ያ ክሪቸር እንደታገደ ይቆያል፣ አንድም ጉዳት ወዳንተ አያልፍም። ስለዚህ ተጋጣሚህ ቶክንህን በስፔል ሲገድልብህ «በቃ፣ አለፈ» ሲልህ እሺ አትበለው። እኔ ላይ ይህን ያደረገ ሰው አለ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለተናገረ ብቻ ሕጉ የሚቀየር ይመስለዋል።

ቶክን የሚያወጡ ኢንስታንቶችም (በተጋጣሚ ተራም የሚጣሉ ካርዶች) በሰዓታቸው ናቸው። ሬይዝ ዘ አላርም በ2 ማና ሁለት ወታደር ይሰጥሃል። በራስህ ተራ አትጣለው። ወይ እሱ አጥቂዎቹን ካሳወቀ በኋላ፣ ብሎክ ከመደረጉ በፊት ጣለውና ሁለቱን ባንድ ክሪቸር ላይ አቁም። ወይ ደግሞ የሱ ተራ ሊያልቅ ሲል ጣለው፤ ያንተ ተራ ሲጀምር ቶክኖቹ ያንተ ሆነው ስለቆዩ ወዲያው ያጠቃሉ። ብሎክ ከተደረገ በኋላ ከጣልከው ግን ለዚያ ውጊያ ረፍዷል።

3. የታተሙ ቶክን ካርዶችን በፖስታ አታስመጣ። እዚህ ላይ ረጋ ብለህ አንብበኝ።

የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ አንድ ካርቶን ላከልኝ። ካርዶች፣ ስሊቭ (የካርድ መሸፈኛ)፣ ቶክኖች። ዕቃ የሚረከቡበትን ቢሮ ስም አልጠራም። መስኮቱ ላይ የነበሩት ሰውዬ ካርቶኑን ከፍተው አንድ ካርድ አወጡና «ካርታ ነው። ቁማር ነው። አይወጣም» አሉ። እኔ እርስዎ እያልኩ ነው የማናግራቸው፤ እሳቸው ገና ከመጀመሪያው «አንተ ልጅ» ነው የሚሉኝ። «ጋሼ፣ ቁማር አይደለም። ገንዘብ አይያዝበትም። ሪቻርድ ጋርፊልድ የሚባል የሂሳብ ዶክተር የፈጠረው፣ በፈረንጆች 1993 የወጣ የሐሳብ ጨዋታ ነው» አልኩ። ሌላ ካርድ አወጡ። ጋኔን የተሳለበት ነበር። «በ44ቱ ታቦት አገር ይህን ነው የምትጫወቱት?» ብለው ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ እንዲሰማ አነሡት። መልአክ የተሳለበት ካርድም እዚያው ነበር። እሱን ግን አላነሡትም።

ደብዳቤ አምጣ አሉኝ። ከማን? ከሚመለከተው። የሚመለከተው ማነው? «እሱን አንተ ታውቃለህ።» ተመላለስኩ። ቀጥሎ ደግሞ ካርዶቹን በፍሬ ቆጥረው ዋጋ ሊተምኑ ተነሡ። ከ50 ሳንቲም የማይበልጡ ተራ ካርዶች ናቸው፣ የአንዱን እቃ ዋጋ በሁሉም ሊያባዙት ነው! በመጨረሻ ጎናቸው የምትሠራ አንዲት እህት ሳጥኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በራሷ ስልክ አይታ፣ የመጫወቻ ዕቃ መሆኑን አረጋግጣ ጨረሰችልኝ። እግዜር ይስጣት።

ካርቶኑን ቤት ወስጄ ስከፍት ስሊቭ ያልነበራቸው ካርዶች በላስቲክ ታስረው ጠርዛቸው ተጣጥፏል። ቶክኖቹ ደግሞ የሉም። ተመልሼ ጠየቅኩ። «ማስታወቂያ መስሎን ጣልነው» ነው መልሱ። ብዙ ቶክን ካርዶች ጀርባቸው ላይ የድርጅቱ ማስታወቂያ እንዳለ ታውቃለህ። ይቅርታ የሚባል ቃል ግን ከማንም አፍ አልወጣም። ካርድ መጣሉ ብቻ አይደለም ያናደደኝ። ሰው የወደደውን ነገር ሳያዩ፣ ሳይጠይቁ፣ በንቀት መጣላቸው ነው።

ስለዚህ ካርድ ማስመጣትህ ካልቀረ ሰው ሲመጣ በሻንጣ ይያዝልህ። ግድ በፖስታ ከሆነ የላኪው ደረሰኝ ውስጡ ይግባ፣ የዕቃው ዝርዝር ካርቶኑ ላይ ይጻፍ፣ «የመጫወቻ ካርድ» ይበል፣ ካርዶቹም ስሊቭ ውስጥ ሆነው ጠንካራ ሳጥን ውስጥ ይቀመጡ። ቶክን ግን ጨርሶ አታስልክ። አያስፈልግህም።

ቶክን ካርድ አይደለም። ዴክ ውስጥ አይገባም፣ ከሜዳ ከወጣ ሕልውናው ያበቃል። ስለዚህ ማንኛውም ነገር ሊወክለው ይችላል። መስፈርቱ ሁለት ነው፤ ምን ቶክን እንደሆነ ሁለታችሁም ማወቅ፣ ታፕ መሆኑና አለመሆኑ መለየት። እኔ ሳንቲም ነው የምጠቀመው። የአገራችን ሳንቲም አንዱ ፊት አንበሳ ነው። አንበሳው ወደ ላይ ከሆነ ቶክኑ ዝግጁ ነው፣ ከተገለበጠ ታፕ ነው። 10 ሳንቲም ወታደር፣ 25 ሳንቲም መንፈስ፣ ባለ 1 ብሩ ሳፕሮሊንግ (የተክል ፍጡር)። ጨዋታ ሳይጀመር ለተጋጣሚዬ እነግረዋለሁ። «ሳንቲም አልቀበልም፣ ካርዱን አምጣ» ያለኝ አለ። እሱ ራሱ የማናውን ብዛት የሚይዘው በቢክ ክዳን ነበር። ሕጉን አሳየሁት፣ ዝም አለ።

ዓይነት መለየቱ ለማማር ብቻ እንዳይመስልህ። ኢኮይንግ ትሩዝ የሚባል ሰማያዊ ካርድ አንድ ስም ያላቸውን በሙሉ ወደ እጅ ይመልሳል። ቶክን ወደ እጅ ከተመለሰ ጠፋ ማለት ነው። 8 ወታደር ብቻ ካለህ በ2 ማና 8ቱም ሄዱ። 4 ወታደር፣ 2 መንፈስ፣ 2 ሳፕሮሊንግ ካለህ ግን ግማሹ ይተርፍሃል። ራቼት ቦምብን ደግሞ እንደወጣ ፍራው፤ ሲፈነዳ የማና ዋጋቸው በላዩ ካሉት ቆጣሪዎች (ምልክቶች) ብዛት ጋር እኩል የሆኑትን፣ ላንድ ያልሆኑ ካርዶችና ቶክኖች ያጠፋል። ቶክን የማና ዋጋው 0 ነው፤ የሌላ ካርድ ቅጂ ካልሆነ በቀር። ቦምቡ ደግሞ ያለ ምንም ቆጣሪ ወዲያው ሊፈነዳ ይችላል። ያኔ ስም አይለይም፣ ሁሉንም ይጠርጋል።

ለዚህ መድኃኒቱ ሩትቦርን ዲፌንስስ ነው። 3 ማና፣ ኢንስታንት። አንዱን ቶክንህን ያባዛልሃል፣ ከዚያ ክሪቸሮችህ እስከ ተራው መጨረሻ የማይደመሰሱ ይሆናሉ። ክሪቸሮችን ሁሉ የሚደመስሰው ራዝ ኦፍ ጎድ ቢጣልብህም፣ ለሁሉም ክሪቸር 2 ጉዳት የሚያደርሰው ፓይሮክላዝም ቢመጣም፣ ቦምቡ ቢፈነዳም ሁሉም ቆመው ይቀራሉ። ራዝ ኦፍ ጎድ የጣለ ተጋጣሚ 4 ማና ከፍሎ የራሱን ክሪቸሮች ብቻ ይገድላል። ከፎግ ይልቅ ይህን ካርድ የምወደው ለዚህ ነው። ሆኖም 3 ላንድ ሳይነካ ማስቀረት አለብህ። 5 ወይም 6 ቶክን ሜዳ ላይ ካለህ ሌላ አትጨምር፤ የቀረውን እጅህ ላይ አቆይና ማናህን ጠብቅ። ይህን ማድረግ ከባድ ነው። እጅህ ይበላሃል። ግን ታገስ።

ቀይ ለሚጫወት ሰው ፎግ ላይ አትተማመን። ስከልክራክ የሚባል ካርድ አላቸው፤ በዚያ ተራ ጉዳት መከልከል አይቻልም ይላል። ፎግህን ስትጥል በላዩ ላይ ይጥልብሃል፣ ጉዳቱ እንዳለ ይገባል። ከቀይ ጋር ብሎክ አድርግ፤ ብዙውን ጊዜ ክሪቸሮቻቸው ትንንሽ ስለሆኑ ቶክንህ ከነሱ ጋር በእኩል ይለዋወጣል።

አሁን ወደ ዝርዝርህ። 4 ፎግና 4 ሆሊ ዴይ (የፎግን ሥራ የሚሠራ ነጭ ካርድ) አስገብተሃል። 8 መከላከያ ብዙ ነው፤ እጅህ በነሱ ይሞላና ሜዳህ ባዶ ይቀራል። ክሪቸር ልጨምር ወይ ላልከው፣ ትልቅ ክሪቸር አትጨምር፣ ያሉህን ቶክኖች አጠንክር። ሆሊ ዴዮቹን በሙሉና አንድ ፎግ አውጣ። በ5ቱ ቦታ 3 ኢንታንጂብል ቨርቹ፣ 2 ሩትቦርን ዲፌንስስ አስገባ። ቨርቹ ትርፍ አለኝ። ፒያሳ ብቅ ስትል ንገረኝ፣ በሬይዝ ዘ አላርም እንቀያየራለን።