ወለተ ማርያም ነኝና «ሜሪ» ብባልስ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ውጭ አገር ልሄድ ነው። የመዝገብ ስሜ በ«ጽ» ስለሚጀምር ፈረንጆች ሲጠሩት ይቸገራሉ። ከእኔ በፊት የሄዱት «የእንግሊዝኛ ስም ምረጪና ተገላገዪ» ይሉኛል። የክርስትና ስሜ ወለተ ማርያም ስለሆነ «ሜሪ» ብባል ኃጢአት ይሆንብኛል? ወይስ እንዲያውም ወደ ክርስትና ስሜ መመለስ ነው?

መልስ፦ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። መጀመሪያ ከፍርሃቱ ላሳርፍሽ። ሰው እንዳይቸገር ብለሽ የምትይዢው መጠሪያ ከጥምቀትሽ አንዳች አይቀንስም፤ ኃጢአትም አይደለም። የእንግሊዝኛ የሚባለው ስም ራሱ ብዙው የቅዱሳን ስም ነው፤ ጄምስ ያዕቆብ ነው፣ አንድሩ እንድርያስ፣ ስቲቨን እስጢፋኖስ፣ ሄለን እሌኒ። በሁለት ስም መጠራትም ከእኛ አልተጀመረም። ብዙ ሰው «ሳውል በደማስቆ መንገድ ላይ ጳውሎስ ተባለ» ይላል። መጽሐፉ ግን ጌታ በዚያ መንገድ «ሳውል፣ ሳውል» ብሎ እንደጠራው ይናገራል (ሐዋ 9፥4)። ከተጠመቀ በኋላም መንፈስ ቅዱስ በርናባስንና ሳውልን ለዩልኝ አለ እንጂ ጳውሎስን አላለም (13፥2)። «ጳውሎስ የተባለው ሳውል» የሚለውን የምናገኘው ቆጵሮስ ላይ፣ ሮማዊው አገረ ገዥ ፊት ሲቆም ነው (13፥9)። ወደ አሕዛብ ሲወጣ አሕዛብ በሚያውቁት ስሙ ተጠራ፣ አለቀ።

እኔን የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ጥያቄሽ ነው። ገብረ ሚካኤል «ማይክል»፣ ወልደ ጊዮርጊስ «ጆርጅ»፣ ወለተ ማርያም «ሜሪ» ይባሉና የክርስትና ስማቸውን በእንግሊዝኛ ያገኙት ይመስላቸዋል። አላገኙትም። ወለተ ማርያም የማርያም ልጅ ማለት ነው። በዚህ ስም ውስጥ አንቺ ያለሽው «ወለተ» የሚለው ላይ ነው፤ ማርያምማ እመቤታችን ናት። «ወለተ»ን ጥለሽ ሜሪ ስትባዪ ከስሙ የወጣሽው አንቺው ነሽ። ገብረ ሚካኤልም የሚካኤል አገልጋይ እንጂ ሚካኤል አይደለም። ስለዚህ ሜሪ መባል ከፈለግሽ ተባዪ፣ አልከለክልሽም፤ የክርስትና ስሜ እሱ ነው ብለሽ ግን ራስሽን አታታልዪ። መጠሪያ ነው፣ ከዚያ አያልፍም።

ተቃራኒው ጥፋት የሚመጣው ደግሞ ከወረቀት ነው። ፓስፖርትሽን ግለጪና ፎቶው ያለበትን ገጽ ግርጌ ተመልከቺ። እያንዳንዳቸው 44 ምልክት የሚይዙ ሁለት መስመሮች አሉ። በላይኛው መስመር የቤተሰብ ስም ይቀድማል፣ ሁለት የቀስት ጫፍ የመሰሉ ምልክቶች ይከተላሉ፣ ከዚያ የራስ ስም ይመጣል። በስም መካከል ክፍት ቦታ ወይም ሰረዝ ካለ በአንድ ቀስት ይተካል። እንግዲህ የመዝገብ ስሙ ገብረ ሚካኤል የሆነ ልጅ በላቲን ፊደል ለያይቶ ካጻፈው፣ የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ሁለት ስም አድርጎ ያነበዋል፤ «ሚካኤል» መካከለኛ ስም ይሆንና ልጁ በየክፍሉ «ገብረ» ሲባል ይኖራል። አገልጋይ፤ የማን አገልጋይ? ባለቤቱ ተቆርጦ ቀርቷል። እንዲህ ያለ ስም ያላችሁ ፓስፖርት ከማውጣታችሁ በፊት ያለ ክፍት ቦታ፣ ያለ ሰረዝ፣ ያለ ጭረት አንድ ቃል አድርጋችሁ አጽፉት፤ የትምህርት ማስረጃችሁም እንዲሁ ይሁን። ፓስፖርቱ ከወጣ በኋላ ግን በየቅጹ ላይ በራሳችሁ ለማስተካከል አትሞክሩ፤ እንደተጻፈ ገልብጡት።

የአንቺ «ጽ»ም የራሷ ጣጣ አላት። በአንዱ ማስረጃ በ«ቲ» እና በ«ኤስ»፣ በሌላው በ«ኤስ» ብቻ ተጽፋ ከሆነ ወረቀቱ ላይ ሁለት ሰው ሆነሻል ማለት ነው። ይህን ከመሄድሽ በፊት እዚሁ አስተካክዪ፤ ባሕር ማዶ ሆኖ ማስተካከል ወራት ይፈጃል። በማመልከቻው፣ በቪዛው፣ በአውሮፕላን ትኬቱና በባንኩ ላይ ፊደል በፊደል የፓስፖርቱ ስም ይግባ። «ሜሪ» ቦታዋ አንድ ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ሲመዘግቡ ከሕጋዊው ስም ሌላ «መጠራት የምትፈልጊበት ስም» የሚል ሣጥን አላቸው፤ እዚያ ጻፊያት። የክፍል ስም ዝርዝሩ ላይ ትወጣለች፤ ዲፕሎማው ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ሕጋዊው ስም ነው። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍልሽ መምህር ደግሞ የሚያውቅሽ በሜሪ ብቻ ከሆነ ደብዳቤው ከማስረጃሽ ጋር አይገጥምም፤ ሳይጽፍ በፊት ንገሪው።

ምክሬን ከጠየቅሽኝ አትቸኩዪ። ስምሽን ቀስ ብለሽ ሁለት ሦስት ጊዜ ከነገርሻቸው ይይዙታል። «ጽ»ን «ስ» ቢያደርጉብሽ ምን ቸገረሽ? የጌታችንም ስም በየልሳኑ ድምፁ ይለያያል።

አሁን ወደ ባቢሎን ልውሰድሽ። ዳንኤልን ብልጣሶር፣ አናንያን ሲድራቅ፣ ሚሳኤልን ሚሳቅ፣ አዛርያን አብደናጎ አሏቸው (ዳን 1፥7)። እነርሱም እንደ አንቺ ለትምህርት የተመረጡ ወጣቶች ነበሩ፤ የሦስት ዓመት ትምህርት ተቆርጦላቸው ነበር። ብልጣሶር የሚለው ስም ደግሞ ናቡከደነፆር ራሱ እንደተናገረው በጣዖቱ ስም የወጣ ነው (4፥8)። ሜሪ ከዚያ ጋር ስትተያይ ምን አላት! ስሙን አልተጣሉበትም። ስም ከወጣላቸው ቀጥሎ ባለው ቁጥር (1፥8) ግን ዳንኤል በንጉሡ መብልና በጠጁ እንዳይረክስ በልቡ አሰበ። የሚጣሉበትን ያውቁ ነበር። ስም ተቀብለው ማዕድ እምቢ አሉ፤ የዛሬው ልጅ ስሙ ላይ ሲጨነቅ ከርሞ ጾሙን ሳያስበው ይተዋል።

ከዚህም የሚደንቀኝ እሳቱ ነው። ንጉሡ ሲያስፈራራቸው «ሲድራቅ፣ ሚሳቅ፣ አብደናጎ» ይላቸዋል። በእሳቱ መካከል ሆነው ሲያመሰግኑ ግን «አናንያ፣ አዛርያ፣ ሚሳኤል ሆይ፣ እግዚአብሔርን አመስግኑ» ይባባላሉ። ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ስንት ጊዜ ሲድራቅ ተብሎ የተጠራ ሰው፣ ነበልባሉ ውስጥ ሲቆም አናንያ ነበር። እኛም ታኅሣሥ 19 ስናስባቸው በዚያው ስማቸው እንጠራቸዋለን።

ልብ በዪ ግን፣ ሦስት ነበሩ። አንዱ የሌላውን ስም ያውቅ ነበር። የክርስትና ስማችንን መተት ይሠራብናል እያልን የምንደብቅ ሰዎች ይህን አንችለውም። ልጄ፣ በሥላሴ ስም ተጠምቀሽ ያገኘሽው ስም የጠንቋይ መጫወቻ አይሆንም፤ ይህን ፍርሃት እዚሁ ጥለሽው ሂጂ። ድብቅነቱ የሚጎዳው ባለቤቱን ነው። ተማሪ ባዕድ አገር ታሞ ካህን ሊጸልይለት ሲመጣ፣ ከዚያም ሲከፋ ለፍትሐት ሲቆም፣ የሚጠይቀው የክርስትና ስሙን ነው። ጓደኞቹ የሚያውቁት ደግሞ «ማይክል» የሚለውን ብቻ። ያን ጊዜ ወደ እናቱ ይደወላል፤ እናት በዚያ ሰዓት በምን አንደበቷ ትመልስ?

ስለዚህ ከመሄድሽ በፊት ከአጥቢያሽ መሸኛ ደብዳቤ አውጪ፣ የክርስትና ስምሽ ይጻፍበት። የክርስትና እናትሽን ስምና የንስሐ አባትሽን ስልክ ጨምረሽ በአንድ ወረቀት ያዢ። እዚያ እንደደረስሽ መሸኛውን ለካህኑ ስጪ፤ አብራሽ ለምትኖረው ወይም ለምታስቀድሰው አንዲት እኅት ደግሞ በቃልሽ «ወለተ ማርያም ነኝ» ብለሽ ንገሪያት፣ የእርሷንም ጠይቂያት።