ዲግሪው ሳያልቅ ማስተርስ ይጀመራል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከሰሜን ሸዋ ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ በባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ ማስተርስ ዙሪያ ናቸው። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል።

ጥያቄ፦ የ4ኛ ዓመት የኤሌክትሪካልና ኮምፒውተር ኢንጂነሪንግ ተማሪ ነኝ። ውጭ አገር ተማሪዎች የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ሳይጨርሱ ማስተርስ ይጀምራሉ ሲባል ሰማሁ። እኔም በባዮሜዲካል መቀጠል ስለምፈልግ፣ ምረቃዬን ከምጠብቅ አሁኑኑ የምጀምርበት መንገድ ይኖራል? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ በምዝገባ ደረጃ አገር ውስጥ የለም። ማስተርስ ለመመዝገብ የመጀመሪያ ዲግሪ ያስፈልጋል፤ ዲግሪው ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ያለ መውጫ ፈተና አይሰጥም፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ከዚያ በላይ አገር አቀፉ የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና አለ። ይህን ቅደም ተከተል የሚያሳጥር ደብዳቤም ሆነ ዘመድ የለም።

የሰማኸው በተለይ አሜሪካ የተለመደው «4+1» የሚሉት አሠራር ነው። ተማሪው 3ኛ ዓመት ላይ ያመለክታል፤ አማካይ ውጤቱ ብዙውን ጊዜ ከ3.0 እስከ 3.5 እንዲሆን ይጠየቃል። ከተፈቀደለት በመጨረሻው ዓመት ጥቂት የማስተርስ ኮርሶችን ይወስዳል፤ ከእነዚህም ከ6 እስከ 12 የሚደርስ ክሬዲት ለሁለቱም ዲግሪ ይቆጠርለታል። ማስተርሱ 30 ክሬዲት ገደማ ስለሆነ፣ የቀረውን በአንድ ዓመት መጨረስ የሚቻለው በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን ዕድሉ ለራሱ ለዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ነው። ከደብረ ብርሃን ሆነህ በመካከል ልትገባበት አትችልም፤ «እናስገባሃለን» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ካጋጠመህም ከዚሁ ላይ አቁመው።

እንግዲህ አሁን ልትጀምረው የምትችለው ይዘቱን ነው፤ ይዘቱ ደግሞ ቀላል አይደለም። ከኤሌክትሪካል የሚመጣ ተማሪ ሲግናል፣ ኤሌክትሮኒክስና ፕሮግራሚንግ ይዞ ይመጣል። የሚጎድለው ፊዚዮሎጂ ነው። የልብን የኤሌክትሪክ ሥርዓት፣ የነርቭና የጡንቻን አሠራር፣ የመተንፈሻንና የኩላሊትን ምዕራፎች የሕክምና ተማሪዎች ከሚጠቀሙበት መጽሐፍ ላይ አንብብ፤ ሁሉንም ልሸምድድ አትበል። ከሒሳብ ደግሞ ሊኒየር አልጄብራና ፕሮባቢሊቲ ዝገው ከሆነ አሁን ወልውላቸው። አዲስ አበባና ጅማ ዩኒቨርሲቲዎች በዘርፉ ማስተርስ ያስተምራሉ። መምህሩን አስፈቅዶ ክፍል ገብቶ ማዳመጥ ባይከለከልም፣ እስከ አዲስ አበባ ያለውን 130 ኪሎ ሜትር በየሳምንቱ መመላለስ ለኪስም ለውጤትም አይበጅም። የ4ኛና የ5ኛ ዓመት ውጤትህን ጠብቅ፤ ኮሚቴ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ኢንተርንሺፕህን አታባክነው። ወደ ኮንስትራክሽን ድርጅት ወይም ወደ ቴሌኮም ከመሄድ፣ የሆስፒታል ባዮሜዲካል ክፍል እንዲመድቡህ ጠይቅ። እዚያ የገቡ ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ ሲያዩ ውለው ይመለሳሉ፤ ኃላፊው ሥራ ይበዛበታል፣ ለተማሪ ዕቃ ማስነካትም ይፈራል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት መሣሪያ ብቻ መርጠህ፣ ለምሳሌ ሰክሽን ማሽን (ፈሳሽ መምጠጫ) እና ኦክስጅን ኮንሰንትሬተር (ከአየር ኦክስጅን የሚያጠራ)፣ የቅድመ ጥገና መዝገብ ልያዝላችሁ ብለህ በጽሑፍ አቅርብ። የኮንሰንትሬተሩን ማጣሪያ ማጠብ፣ የሠራበትን ሰዓት መመዝገብ፣ የሚወጣውን ኦክስጅን በመለኪያ ማንበብ ማንንም የማያስፈራ ሥራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መስፈርት የሚወጣው ኦክስጅን ከ82 በመቶ እንዳያንስ ይላል፤ ከዚያ በታች የሚያሳይ ማሽን እያጉረመረመ ቢሠራም ለሕመምተኛው የሚሰጠው በቂ አይደለም።

ጥያቄ፦ የመመረቂያ ፕሮጀክቴን ለማስተርስ ማመልከቻ እንዲጠቅመኝ አድርጌ መሥራት እፈልጋለሁ። የልብ ምት መዛባትን በማሽን ለርኒንግ መለየት ይሻላል ወይስ የመሣሪያ ሥራ? (ከደብረ ብርሃን፣ የ5ኛ ዓመት ተማሪ)

መልስ፦ የመጀመሪያውን ብዙ ሰው ይሠራዋል፤ ብዙ ሰው ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ይወድቅበታል። መረጃው የሚወሰደው አብዛኛውን ጊዜ ፊዚዮኔት በተባለው ድረ ገጽ ላይ በነፃ ከሚገኘው የኤምአይቲ ቢአይኤች የልብ ምት ቅጂዎች ስብስብ ነው፤ ከ47 ሰዎች የተወሰዱ፣ እያንዳንዳቸው የግማሽ ሰዓት የሆኑ 48 ቅጂዎች አሉት፤ የተቀዳው በሰከንድ 360 ናሙና ነው። ተማሪው የልብ ምቶቹን አንድ ላይ ቀላቅሎ 80 በመቶውን ለማሠልጠኛ፣ 20 በመቶውን ለመፈተሻ ይከፍላል፤ ከዚያ 99 በመቶ አገኘሁ ብሎ ይጽፋል። የአንዱ ሰው ምት ግን በሁለቱም ወገን ገብቷል፤ ሞዴሉ በሽታውን ሳይሆን ሰውየውን አጥንቷል ማለት ነው። መረጃው በሰው መከፈል አለበት፤ ለማሠልጠኛ የገባ ሰው አንድም ምቱ ለመፈተሻ አይታይ። ውጤቱ ይወርዳል፤ ይውረድ። የወረደበትን ምክንያት በትክክል የጻፈ አመልካች ከባለ 99ኙ ይልቅ የፈታኝ ዓይን ይስባል።

ራስህ ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት) የምትቀዳ ከሆነ ሌላ ወጥመድ አለ። ያ ስብስብ የተቀዳው አሜሪካ ነውና በውስጡ ያለው የመብራት መስመር ጫጫታ 60 ኸርዝ ነው፤ የእኛ መብራት ግን 50 ኸርዝ ነው። ከኢንተርኔት የተገለበጠ የ60 ኸርዝ ማጣሪያ ደብረ ብርሃን በተቀዳ ኢሲጂ ላይ ምንም አይሠራም፤ ጫጫታው እንዳለ ይቀራል፣ ተማሪው ደግሞ ኤሌክትሮዱን ሲቀያይር ይውላል። ለክትትል ብቻ ከሆነ ከ0.5 እስከ 40 ኸርዝ ያለውን ብቻ ማሳለፍ በቂ ነው። ለምርመራ ግን ከ0.05 እስከ 150 ኸርዝ ያስፈልጋል፤ 0.5 ላይ ከቆረጥክ ኤስቲ የሚባለው የኢሲጂው ክፍል ሊዛባና ጤነኛው የታመመ ሊመስል ይችላል። ኤሌክትሮድ ሰው ላይ ሲለጠፍ ላፕቶፑ ከሶኬት ይነቀል፣ በባትሪ ብቻ ይሥራ። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

ምርጫው የኛ ቢሆን የመሣሪያውን ሥራ እንይዛለን፤ ምክንያቱም አካባቢው ራሱ ጥያቄ ይሰጣል። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየር ግፊቷ 72 ኪሎፓስካል አካባቢ ነው፣ ውሃም በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሸዋ ሮቢት ደግሞ በዚያው ዞን 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ግፊቷ ወደ 87 ይጠጋል። አሁን የሕክምና ዕቃን በእንፋሎት የሚያመክነውን አውቶክሌቭ እንመልከት። እንፋሎት 121 ዲግሪ እንዲደርስ ፍጹም ግፊቱ 205 ኪሎፓስካል መሆን አለበት። ጌጁ (የግፊት መለኪያው) ግን የሚያነበው ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ብቻ ነው። ባሕር ጠለል ላይ 104 ያነበበ ጌጅ 121 ዲግሪ ማለት ነው፤ ደብረ ብርሃን ላይ ያው 104 ከ72 ጋር ተደምሮ 176 ነው፣ የእንፋሎቱም ሙቀት 116 ዲግሪ አካባቢ ይቀራል። 121 ላይ ለመድረስ ጌጁ 133፣ ሸዋ ሮቢት ላይ 118 ገደማ ማንበብ ይኖርበታል። በፒኤስአይ ከሆነ የተለመደው 15 ደብረ ብርሃን ላይ ከ19 በላይ ይሆናል። መጨመር የሚፈቀደው ግን የማሽኑ የግፊት ጣሪያና የሴፍቲ ቫልቩ ልክ እስከሚፈቅድ ብቻ ነው፤ ቫልቭ ማጥበቅ ፈጽሞ መፍትሔ አይደለም፤ ግፊቱን ማሳደግ ካልተቻለ አማራጩ የማምከኛ ጊዜውን ማርዘምና ማረጋገጥ ነው።

ይህ የሚመለከተው በግፊት የሚቆጣጠረውን አውቶክሌቭ እንደሆነ አትርሳ። ሙቀትን በራሱ ሴንሰር ለክቶ የሚሠራው በከፍታ አይታለልም። ስለዚህ የፕሮጀክቱ የመጀመሪያ ሥራ የትኛው ዓይነት እንደሆነ መለየት ነው። ለመለኪያ ርካሹ የማክስ6675 የሙቀት ማንበቢያ ሞጁል አይበቃም፤ ስህተቱ ሁለትና ሦስት ዲግሪ ሊደርስ ስለሚችል የምትፈልገው የአምስት ዲግሪ ልዩነት ግማሹ በጥርጣሬ ያልቃል። ፒቲ100 ሴንሰር ውሰድ፤ ከመጀመርህ በፊት በበረዶ ውሃና በፈላ ውሃ ፈትሸው፤ የፈላው ውሃ ግን እዚህ 100 እንዳልሆነ አስታውስ። ሴንሰሩን ከዕቃዎቹ መሐል እንጂ ክዳኑ አጠገብ አታድርገው። አየሩ በደንብ ሳይወጣ ቢዘጋ ጌጁ የሚፈለገውን ግፊት እያሳየ ሙቀቱ ሊያንስ ይችላልና፣ የከፍታውን ውጤት ከቀረ አየር ውጤት ለይተህ ጻፍ።

በዕቃ ብቻ ከሠራህ ከሆስፒታሉ የሥራ ፈቃድ ደብዳቤ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። የሕመምተኛ መረጃ ከነካህ ግን የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ይህ ወራት ሊወስድ ስለሚችል ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ የጠየቀ ሰው ሳያገኘው ይመረቃል።

ጥያቄ፦ ልጄ በዲቪ ሄዳ አሜሪካ ባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ 3ኛ ዓመት ላይ ናት። ትምህርት ቤቷ ማስተርሱን ከአሁኑ እንድትጀምር ጠይቋታል። ትግባበት? (ከመሐል ሜዳ)

መልስ፦ እርስዎ ወይም እሷ ከመፈረማችሁ በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ ትጠይቅ። አንደኛ፣ ስንት ክሬዲት ለሁለቱም ዲግሪ ይቆጠራል? ዲግሪው 120፣ ማስተርሱ 30 ቢሆንና 9 ቢጋሩ ድምሩ 141 ነው። ምንም የማይጋሩ ከሆነ ግን «ተፋጠነ» የሚለው ስም ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ከመቼ ጀምሮ የድህረ ምረቃ ተማሪ ሆና ትመዘገባለች? ፔል ግራንት የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት ድጋፍ የመጀመሪያ ዲግሪ ላልያዘ ተማሪ ነው፤ ምዝገባዋ በተቀየረ ቀን ድጋፉ ይቆማል፣ ክፍያውም በድህረ ምረቃ ተመን ይሆናል። በኛ ግምት ቤተሰብን የሚያስደነግጠው ይህ ነው፤ አንድ ዓመት አተረፍን ሲሉ ሌላ ዕዳ ይመጣል። ሦስተኛ፣ በምርምር ጽሑፍ ነው ወይስ በኮርስ ብቻ የሚጠናቀቀው? ዶክትሬት የምታስብ ከሆነ የምርምሩ ይሻላታል፤ ግን በአንድ ዓመት እንዲያልቅ ላብራቶሪውን ካሁኑ መያዝ አለባት። ኢንዱስትሪ ለመግባት ብቻ ከፈለገች ደግሞ መጀመሪያ ሠርታ፣ ማስተርሱን አሠሪ ቢከፍልላት አይከፋም።

ጥያቄ፦ በሕክምና ላብራቶሪ ተመርቄያለሁ። ለባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ ማስተርስ ማመልከት እችላለሁ? (ከአለም ከተማ)

መልስ፦ ማስታወቂያው «ተዛማጅ መስኮች» ብሎ የሚዘረዝረውን አንብቢ፤ ብዙውን ጊዜ ምሕንድስና ወይም ፊዚክስ ይፈልጋል። ዲፈረንሻል ኢኩዌሽንና ሰርኪዩት ሳይወስዱ መግባት ለራስም ፈተና ነው። ባዮሜዲካል ሳይንስ ግን ሌላ ትምህርት ነው፤ ለአንቺ የሚቀርበው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ የሰኔ ተመራቂ ነኝ። ውጭ አገር ለማመልከት ዲግሪዬን እስክቀበል መጠበቅ አለብኝ? (ከሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ ከጠበቅሽ ዓመቱ ያልፍሻል። የአሜሪካና የአውሮፓ ማመልከቻዎች ብዙዎቹ ከታኅሣሥ መጀመሪያ እስከ ጥር መጀመሪያ ይዘጋሉ፤ ጀርመን በኦክቶበር ለሚጀምረው የዊንተር ሴሚስተር ብዙ ጊዜ እስከ ሐምሌ 8 ይቀበላል። የመጨረሻ ዓመት ተማሪ በስቱደንት ኮፒና ሬጅስትራሩ በሚጽፈው የዕጩ ተመራቂነት ደብዳቤ ያመለክታል፤ ቅበላው «ዲግሪው ሲቀርብ» በሚል ቅድመ ሁኔታ ይሰጣል። የአውሮፓው ስኮላርሺፕ ኢራስመስ ሙንዱስም የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎችን ይቀበላል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ እንደተሰጠ የሚገልጽ ደብዳቤ በዚያው ጉዞ አስጽፊ። በምረቃ ቀን የሚሰጠው ቴምፖ (ጊዜያዊ የምስክር ወረቀት) ነው፤ ዋናው ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አብዛኛውን ጊዜ የሚለቀቁት የወጪ መጋራት ዕዳው ሲጠናቀቅ ስለሆነ፣ ስንት እንደሆነ ከግንቦት በፊት እወቂ። ስምሽ በእንግሊዝኛ በትራንስክሪፕቱና በፓስፖርቱ ላይ በአንድ ፊደል እንኳ እንዳይለያይ አመሳክሪ፤ የሚለያይ ከሆነ ግቢ ሳለሽ ሬጅስትራሩ ዘንድ ይታረም። ከተመረቅሽ በኋላ ለማስተካከል ሌላ ማስረጃና ሌላ ምልልስ ይጠይቃል።