ለአንድ ፍርድ ቤት ሦስት ዓይነት ኮሪደር ለምን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አሜሪካ ነው። ካውንቲያችን (ከስቴት በታች ያለው የአካባቢ አስተዳደር) ቢሮዎቹንና ፍርድ ቤቱን አንድ ላይ የሚይዝ አዲስ ሕንፃ ሊሠራ ነው፤ ገንዘቡ በቦንድ ስለሚገኝ ድምፅ ስጡ ተብለናል። ፕላኑን ሳየው ፍርድ ቤቱ ብቻ ሦስት ዓይነት ኮሪደር አለው፣ ሊፍቱም ለየብቻ ነው። ይሄ የግብር ከፋዩን ገንዘብ ማባከን አይሆንም?

መልስ፦ አይሆንም። እንዲያውም ከፕላኑ ላይ የማይነካ ነገር ካለ እሱ ነው።

ፍርድ ቤት ውስጥ ባለጉዳዩ፣ ዳኞቹና ከእስር ቤት የሚመጣው ተከሳሽ መገናኘት ያለባቸው ችሎት ውስጥ ብቻ ነው፤ ሦስቱ ኮሪደሮች ለእነዚህ ለሦስቱ ለየብቻ ናቸው። ብዙ አሮጌ ሕንፃዎች ላይ ግን ኮሪደሩ አንድ ስለሆነ፣ ተከሳሹ በካቴና ታስሮ ሲያልፍ ልትመሰክርበት የመጣችው ሴት እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ጁሪውም (ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም ብለው የሚወስኑት ከሕዝብ የተመረጡ ሰዎች) ያየዋል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2005 ተከሳሽ ያለ በቂ ምክንያት በጁሪ ፊት ታስሮ መቅረብ የለበትም ብሏል፤ ታዲያ በር ላይ ታስሮ ካዩት ችሎት ውስጥ መፍታቱ ምን ይፈይዳል?

ጥሩ ፕላን ላይ የእስረኞቹ መኪና ዝግ ጋራዥ ውስጥ ይገባል፣ የውጪው በር ይዘጋል፣ ከዚያ ነው የመኪናው በር የሚከፈተው። በራሳቸው ሊፍት ወጥተው በሁለት ችሎቶች መሃል ባለች ትንሽ ማቆያ ክፍል ይጠብቃሉ። አንዷ ክፍል ሁለቱንም ችሎት ታገለግላለች፤ ወጪ የሚቀነሰው እንዲህ ነው።

እርስዎ መጠየቅ ያለብዎት ሌላ ነው። ግብር ሊከፍል የመጣ ሰው ከችሎት ባለጉዳይ ጋር አንድ የፍተሻ ሰልፍ ይሰለፋል ወይ? የማታ ስብሰባ ሲኖር የፍርድ ቤቱ ክፍል ተቆልፎ አዳራሹ ብቻውን መከፈት ይችላል? ለወደፊት ችሎቶችስ ሳይጨረስ የሚቆይ ቦታ ተይዟል? ቢሮ ግድግዳ አንስቶ ይሰፋል፤ ችሎት ግን መሃሉ ላይ ምሰሶ የሌለበት ሰፊ ክፍልና ከፍ ያለ ጣሪያ ይፈልጋል፣ በኋላ ልጨምር ቢሉ በጣም ውድ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው ይረሳል። የቦንዱ ገንዘብ በአብዛኛው ለግንባታው እንጂ ለጥበቃ ደመወዝ፣ ለመብራትና ለጥገና አይውልም። ድምፅዎን ከመስጠትዎ በፊት የዓመቱ ማስኬጃ ስንት እንደሆነና ከየት እንደሚመጣ በጽሑፍ እንዲሰጡዎት ይጠይቁ።