ተዋናይ ሞልቷል፤ ከመጋረጃው ጀርባ ማን ይቁም?

ሰላም እህታችን። «ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሰፈር ቲያትር ልንጀምር ነው፤ ተዋናይ ሞልቷል፤ የቀረውን ሥራ አዘጋጁ ብቻውን ቢይዘው ችግር አለው ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ አቃቂ አካባቢ ከፀረ ኤድስ ክበባት ጊዜ ጀምሮ በሰፈር ቲያትር ውስጥ አለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከመጋረጃ ጀርባ። መልሴ አጭር ነው። አዎ፣ ችግር አለው። ሌላ ተዋናይ ከመጨመራችሁ በፊት ስቴጅ ማናጀር፣ ማለትም ከመጋረጃ ጀርባ ያለውን ሥራ የሚመራ ሰው፣ ፈልጉ።

የአዘጋጅ ዓይን ትወናው ላይ ነው። ተዋናዩ ቃሉን አምኖበት ይናገራል ወይ? ትዕይንቱ ተመልካቹን ይይዛል ወይ? የአዳራሹ ቁልፍ ማን ጋ እንዳለ፣ ዛሬ ማን እንደቀረ፣ ለትዕይንቱ የሚፈለገው ጀበና መጥቶ እንደሆነ እያሰበ ይህን ማየት አይችልም።

ስቴጅ ማናጀሩ ደብተር ይይዛል። በአንድ በኩል የስክሪፕቱ ገጽ፣ ፊት ለፊቱ ባዶ ገጽ። ባዶው ላይ ማን በየት በኩል እንደሚገባ፣ የት እንደሚቆም፣ መብራቱ በየትኛው ቃል ላይ እንደሚጠፋ፣ ድምፁ መቼ እንደሚገባ ይጽፋል። በእርሳስ ይሁን፤ አዘጋጁ ነገ ይቀይረዋል። ተዋናይ ታሞ ቀርቶ ሌላ ሲተካ ቡድኑን የሚያድነው ይህ ደብተር ነው። ትርኢቱ ሲጀመር ደግሞ አዘጋጁ ከተመልካቹ ጋር ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ መብራቱም ድምፁም የሚታዘዙት ስቴጅ ማናጀሩን ብቻ ነው። ሁለት ሰው ካዘዘ መድረኩ ይበጠበጣል።

ለዚህ ቦታ ጎበዝ ተናጋሪ አትፈልጉ። ሰዓት የሚያከብር፣ ሌላው ሲጮህ የማይጮህ ሰው ይበቃል። እኔ ካየኋቸው ሁሉ ምርጧ የእድር ጸሐፊ ነበረች። መዝገብ መያዝ ታውቃለች፤ ሰው ማስታወስ ታውቃለች፤ ማንም «እሺ» ይላታል።

ሁለተኛው ሰው ፕሮዲዩሰሩ ነው። የወረዳ ደብዳቤ፣ የአዳራሽ ፈቃድ፣ ፖስተር፣ ገንዘብ የእሱ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ሰፈሩን ማወቅ አለበት። ወንበርና ድንኳን ከእድር ትዋሱ ይሆናል፤ ቆጥራችሁ፣ ፈርማችሁ ውሰዱ። በዚያው ቀን ሐዘን ከመጣ ወንበሩ ለለቅሶ ይሄዳል፤ ትርኢቱም ለሌላ ሳምንት ይዛወራል። ለቅሶ ቤት አጠገብ ሙዚቃ ከፍቶ ቲያትር ማሳየት ነውር ነው፤ ሰፈሩም አይረሳላችሁም። እሁድ ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ ጀምሩ። ሲመሽ ታክሲ ይጠፋል፣ እናቶችም አይቆዩም። ሐምሌና ነሐሴን ደግሞ ተዉት። ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ዝናብ ከጀመረ ማይክ እንኳን አያድንም።

መብራት ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ቡድን የሚወድቀው እዚህ ነው። በ220 ቮልት አንድ ባለ 1000 ዋት ሃሎጅን አምፖል ወደ 4.5 አምፔር ይወስዳል። ባለ 10 አምፔር መስመር ላይ ሁለቱን ስትሰኩ ሞላ ማለት ነው። አምፕሊፋየር ስትጨምሩበት ብሬከሩ ይወርዳል፤ ያውም በጥሩው ትዕይንት ላይ። ኤልኢዲ ከተገኘ እሱን ተከራዩ፤ ብዙዎቹ ከ200 ዋት በታች ናቸው፣ እንደ ሃሎጅንም አይግሉም። ድምፅና መብራት በተለያየ መስመር ይሰኩ። ይህን የሚሠራው ፈቃደኛ ተዋናይ ሳይሆን የሰፈሩ ኤሌክትሪሺያን ይሁን። በኤሌክትሪክ ሙከራ የለም። መብራት ቢጠፋስ? ቻርጅ የተደረጉ መብራቶች በቅርብ ይቀመጡ፤ አንድ ሙሉ ልምምድም ያለ ማይክ ይደረግ።

አልባሳቱን ከየቤቱ መዋስ ይቻላል። ጋቢ፣ ካፖርት፣ የድሮ ዩኒፎርም አይጠፋም። ብቻ አንድ ሰው ይረከብ፣ አንድ ሰው ይመልስ። ሜካፕ ለሰፈር ቲያትር ቀላል ይበቃል።

እነዚህን ሰዎች ከየት እናምጣ ትሉ ይሆናል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሰው በዕጣ ከየሰፈሩ ተሰባስቦ ነው የሚኖረው፤ ከበሩ ማዶ ያለውን የማያውቅ ብዙ ነው። መድረክ ላይ መውጣት የሚያፍር ሰው መዶሻ ይዞ መምጣት አያፍርም። ለእኔ የሰፈር ቲያትር ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፤ አናጺውና ተማሪው አንድ መድረክ ሲሠሩ ጎረቤት ይሆናሉ። ትልልቅ ሰዎችንም ጠይቁ። በደርግ ጊዜ በየቀበሌው የኪነት ቡድን ነበር። ያኔ መጋረጃ የሰቀሉ፣ መድረክ የሠሩ ሰዎች ዛሬም በየሰፈሩ አሉ፤ የጠየቃቸው የለም እንጂ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቲያትር ጥበባት ትምህርት ስለሚሰጥ ተማሪዎቹንም ለሥልጠና ጋብዙ።

ደግሞ ስቴጅ ማናጀራችሁን ይዛችሁ ሀገር ፍቅር ወይም ብሔራዊ ቲያትር ግቡ። ታሪኩን ሳይሆን የትዕይንት ለውጡን እዩ። መብራት ጠፍቶ እስኪበራ ስንት ነገር እንደሚነሳ፣ ስንት እንደሚገባ ተመልከቱ።

እባካችሁ፣ ፖስተሩ ላይ ከመጋረጃ ጀርባ የሠሩትን ሰዎች ስም ከተዋንያኑ እኩል ጻፉ፤ በመጨረሻውም ጭብጨባ መድረክ ላይ አውጧቸው። ደሞዝ የሌለው ሥራ ነው፤ ልጆቻቸው ሊያዩአቸው ይገባል።

የአዳራሹን ስፋትና የብሬከሩን አምፔር እዚሁ ጻፉልኝ፤ የመብራቱን አቀማመጥ አብረን እናወጣዋለን።